ከሹሩባው በታች፦ በራስ ቆዳ ላይ የተለካ ነጥብ ስለ አንጎል ምን ይነግረናል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የፋሲካን በዓል ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ ወደ ትውልድ ከተማችን ወደ ደምበጫ ሄደን ነበር። በበዓሉ ማግሥት አንድ የልጅነት ጎረቤታችን የሆኑ ገበሬ በፌስታል በጥንቃቄ የተጠቀለለ ወረቀት በብብታቸው ይዘው ከቤታችን መጡ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው የሚጥል በሽታ አለባት። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ሩቅ ከተማ ወስደው «ጭንቅላቷን በማሽን አስነሥተዋታል»፤ ወረቀቱ የዚያ ምርመራ ውጤት ነው።

«ዶክተር ሆነሃል ሲሉ ሰማን፤ እስቲ ይኼን አንብብልን» አሉን።

የእኛ ዶክተርነት የፊዚክስ እንጂ የሕክምና አለመሆኑን ለማስረዳት ሞከርን። «ፈረንጅ አገር ድረስ ተምረህ ይችን ማንበብ ያቅትሃል?» አሉ። ሰው ፊት ማፈር አልፈለግንም፤ ወረቀቱን ገለጥን። ከሞገዶቹ መስመሮች ግርጌ በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ ምዝገባው ከጤናማው ወሰን እንዳልወጣ ትገልጻለች። እኛም «ማሽኑ ምንም አላገኘባትም፤ ደኅና ናት ይላል» ብለን ተረጎምን። ሰውየው «ተመስገን» ብለው ወረቀቱን መልሰው ጠቅልለው ሄዱ።

ከሦስት ወር በኋላ የሰማነው ዜና አሳዛኝ ነበር። ቤተሰቡ «ማሽኑ ደኅና ናት ብሏል» በማለት ኪኒኑን አስቁሟታል፤ ልጅቱም እናቷ እንጀራ ስትጋግር ምድጃው አጠገብ ወድቃ ቀኝ እጇን እሳት በልቶታል።

«ማሽኑ ምንም አላገኘም» እና «ምንም የለም» በሚሉት ሁለት አባባሎች መካከል ምን ያህል ርቀት እንዳለ የተረዳነው ያን ጊዜ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያን ርቀት መጠን ለመለካት የሚደረግ ሙከራ ነው። በራስ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ከሥሩ ካለው የአንጎል ክፍል ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው? የሚናገረውስ ምን ያህል የታመነ ነው?

ነገሩ ከየት ተጀመረ?

አንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋለው ሪቻርድ ካተን የተባለ የሊቨርፑል ሐኪም ነው። ካተን እ.ኤ.አ. በ1875 በጥንቸሎችና በዝንጀሮዎች አንጎል ላይ ባደረገው ሙከራ ደካማ የኮረንቲ መዋዠቅ መመልከቱን አስታወቀ። ከሰው ራስ ላይ ለመመዝገብ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ሆነ። በጀርመን አገር በየና ከተማ ይሠራ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ሐንስ በርገር የመጀመሪያውን ምዝገባ በ1924 አከናውኖ ውጤቱን በ1929 አሳተመ። አንባቢ እንዲያስተውለው የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በርገር የጀመረው በቀዶ ሕክምና ምክንያት የራስ ቅላቸው አጥንት ከፊሉ በተነሣላቸው ሕመምተኞች ላይ ነው። ምክንያቱም አጥንቱ ምልክቱን ያዳክመዋል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

በርገር ካገኛቸው ነገሮች መካከል ዋነኛው «አልፋ» ብሎ የሰየመው ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዘና ሲል በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ ይመላለሳል፤ ዓይን ሲገለጥ ወዲያው ይደክማል። የሚጎላውም ከራስ ቅል የኋለኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ሥር ደግሞ ዓይን ያየውን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ይገኛል። እንግዲህ ኤሌክትሮዱ የሚቀመጥበት ቦታ ለሚገኘው መልስ ወሳኝ መሆኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ ግልጽ ነበር። መሣሪያው ኤሌክትሮኤንሴፋሎግራፍ ይባላል፤ እኛ ከዚህ በኋላ በአጭሩ ኢኢጂ እንለዋለን።

የሚለካው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ኢኢጂ «አሳብን» ወይም የእያንዳንዱን የነርቭ ሕዋስ ንግግር የሚያዳምጥ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የአንጎል ውጫዊ ልባስ (ኮርቴክስ) ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለውና ብዙ ጊዜ የተጨማደደ ሽፋን ነው። በውስጡ ከሚገኙት ሕዋሳት መካከል ፒራሚዳዊ የተባሉት እንደ በቆሎ አገዳ ጎን ለጎን ተሰልፈው ወደ ገጹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አንዱ ሕዋስ ከሌላው መልእክት ሲቀበል በአንድ ጫፉ ኮረንቲ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ሕዋሱ ለጊዜው ሁለት ዋልታ ያለው እጅግ ትንሽ ባትሪ ይሆናል ማለት ነው።

የአንዱ ሕዋስ ባትሪ ከራስ ቆዳ ላይ ፈጽሞ አይሰማም። ነገሩ በደምበጫ ገጠር የአጨዳ ደቦ ከማዶ ሆኖ እንደ ማዳመጥ ነው። ከኮረብታው ባሻገር የቆመ ሰው አጫጆቹ እርስ በርስ የሚጨዋወቱትን አይሰማም፤ ሁሉም በአንድ ቃል «ሆ!» ሲሉ ግን ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ይደርሰዋል። አንድ ጎን የቆሙ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ «ሆ!» ሲሉ ነው ኤሌክትሮዱ የሚሰማው። በ1960ዎቹ የተደረገ የታወቀ ሙከራ ለዚህ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም 2.5 በ2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የአንጎል ልባስ በኅብረት መሥራት እንዳለበት አመልክቷል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ 10 ካሬ ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል።

ይህ ሁሉ ኅብረት ተደርጎም ከቆዳው ላይ የሚለካው ከ10 እስከ 100 ማይክሮ ቮልት ያህል ብቻ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ 50 ማይክሮ ቮልት የአንድ ተራ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ሠላሳ ሺህኛ እጅ ነው። ግንባርን ኮስተር ማድረግ ወይም መንጋጋን መንከስ ከዚህ የሚበልጥ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ የመብራት መስመራችን 50 ኸርዝ ኮረንቲም በየጊዜው ጣልቃ ይገባል። መርማሪው ልጅቱን «አትንቀሳቀሺ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» የሚላት በዚህ ምክንያት ነው።

ራስ እንዴት ይለካል?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ ኤሌክትሮዱን ደስ ባለው ቦታ ይለጥፍ ስለነበር የአንዱን ውጤት ከሌላው ጋር ማስተያየት አዳጋች ሆነ። በ1947 በለንደን የተሰበሰቡት የዘርፉ ሊቃውንት አንድ ወጥ ዘዴ እንዲዘጋጅ ወሰኑ። ሥራውን የመራው በካናዳ በሞንትሪያል የነርቭ ሕክምና ተቋም ይሠራ የነበረው ኸርበርት ጃስፐር ነው። የመጨረሻው ሰነድ በ1958 ታተመ። ዘዴው «ዐሥር-ሃያ» የሚል ስም አለው፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ይኸው ነው።

የዘዴው ብልኀት በሴንቲ ሜትር ፈንታ በመቶኛ መጠቀሙ ነው። የሕፃን ራስና የጎልማሳ ራስ በመጠን ይለያያሉ፤ መጠናቸው ቢለያይም የአካላቱ ተመጣጣኝ ቦታ ግን ይቀራረባል። መነሻ የሚሆኑት በጣት ሊዳሰሱ የሚችሉ አራት ምልክቶች ናቸው፦ ግንባርና የአፍንጫ ሥር የሚገናኙበት ጎድጎድ ያለ ቦታ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ የሚገኘው የአጥንት ጉብታ፣ እንዲሁም በግራና በቀኝ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት የሚገኙት ሁለት ስርጉድ ቦታዎች።

በምሳሌ እንየው። ከአፍንጫ ሥር እስከ ኋለኛው ጉብታ በአናት ላይ የተዘረጋው ሜትር 36 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ከአፍንጫ ሥር 10 በመቶ፣ ማለትም 3.6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለን ምልክት እናደርጋለን። ከዚያ በየ20 በመቶው፣ ማለትም በየ7.2 ሴንቲ ሜትሩ አራት ጊዜ እንጓዛለን፤ የሚተርፈው 3.6 ሴንቲ ሜትር የመጨረሻው 10 በመቶ ነው። የ«ዐሥር-ሃያ» ስም የመጣው ከዚህ ነው። መካከለኛው ነጥብ በ18 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ከዚያም ከጆሮ እስከ ጆሮ በአናት ላይ እንለካለን፤ ርቀቱ 35 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከግራው ጆሮ በ3.5፣ በ10.5 እና በ17.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነጥቦች ይኖሩናል፤ በቀኝም እንዲሁ። ሁለቱ መስመሮች የሚቆራረጡበት ማዕከል «ሲዜድ» ይባላል። በልጅነታችን ቁንጮ ይተውልን የነበረበትን ቦታ የሚያስታውስ አንባቢ ማዕከሉን በግምት አገኘው ማለት ነው።

ነጥቦቹ በፊደልና በቁጥር ይሰየማሉ። ፊደሉ ከሥሩ ያለውን ክፍል ያመለክታል፦ «ኤፍ» ለፊተኛው፣ «ቲ» በጆሮ ግንድ በኩል ላለው የጎን ክፍል፣ «ፒ» ለአናት የኋለኛ ጎን፣ «ኦ» ለኋለኛው፣ «ሲ» ለመካከለኛው መስመር። ጎዶሎ ቁጥር ግራን፣ ሙሉ ቁጥር ቀኝን፣ «ዜድ» መሐልን ያሳያል። ቁጥሩ ባደገ መጠን ነጥቡ ከመሐል ይርቃል። በዚህ ዓይነት 19 ነጥቦች በራስ ቆዳ ላይ፣ 2 ደግሞ በጆሮዎች ላይ ይደረጋሉ። በኋላ ዘመን ነጥቦችን በማጠጋጋት «ዐሥር-ዐሥር» እና በ2001 «ዐሥር-አምስት» የተባሉ ዘዴዎች ተጨምረዋል፤ የኋለኛው ከሦስት መቶ በላይ ቦታዎችን ይሰይማል።

ከነጥቡ ሥር ያለው ምንድን ነው?

ፊደል መስጠት ቀላል ነው፤ «ከዚህች ነጥብ ሥር በእርግጥ ይህ ክፍል አለ» ለማለት ግን ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የጃስፐር ቡድን በሁለት መንገድ አረጋገጠ። በአንድ በኩል በአስከሬን ራስ ላይ ነጥቦቹን ለክተው፣ በነጥቦቹ ልክ አጥንቱን ሰርስረው፣ ከሥሩ ያለውን አንጎል በቀለም ምልክት አደረጉበት። በሌላ በኩል በቀዶ ሕክምና ወቅት በአንጎል ዋና ዋና ስንጥቆች ላይ ትናንሽ የብረት ምልክቶችን አኑረው በራጅ ተመለከቱ። በውጤቱም ነጥቦቹ ከታሰቡት ክፍሎች ጋር በጥሩ ሁኔታ መገጣጠማቸውን አዩ።

ዋና ዋናዎቹን እንጥቀስ። ከ«ኤፍፒ1» እና «ኤፍፒ2» ሥር የፊተኛው የአንጎል ክፍል ጫፍ አለ። ከ«ኤፍ7» ሥር የፊተኛው ክፍል የታችኛ እጥፋት ይገኛል፤ በአብዛኛው ሰው በግራ በኩል ይህ አካባቢ ንግግርን ከማውጣት ጋር የተያያዘ ነው። «ቲ3» በጎን ክፍል መካከለኛ እጥፋት ላይ ያርፋል፤ አዲሱ አሰያየም «ቲ7» ይለዋል። «ኦ1» እና «ኦ2» የማየት ክፍል አካባቢ ናቸው። «ሲ3» እና «ሲ4» ደግሞ እንቅስቃሴን የሚያዝዘውና ስሜትን የሚቀበለው ክፍል በሚዋሰኑበት ስንጥቅ አካባቢ፣ እጅን ከሚያዝዘው ስፍራ ብዙም ሳይርቁ ይውላሉ። የግራ አንጎል ቀኝ አካልን ስለሚያዝ «ሲ3» የሚያዳምጠው የቀኝ እጅን ጉዳይ ነው።

ሕይወት ያለውን ሰው አንጎል በኤምአርአይ ማየት ከተቻለ ወዲህ ጥያቄው እንደገና ተፈትሿል። በ2004 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ በ17 ጤናማ ጎልማሶች ላይ የዐሥር-ሃያ ነጥቦች በአንጎል ገጽ ላይ የት እንደሚያርፉ ለክቷል። ከሰው ወደ ሰው የታየው መበታተን በአማካይ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህም ማለት ነጥቡ ሰፋ ያለውን መንደር በትክክል ይጠቁማል፤ የቤቱን ቁጥር ግን አይሰጥም።

ነጥቡ ሁልጊዜ እውነቱን ይናገራልን?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቦታ ነው። ፊዚክስ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። «ከነጥቡ ሥር ያለው» እና «ነጥቡ የሚሰማው» አንድ አይደሉምና። ሦስት ምክንያቶችን እንመልከት።

የመጀመሪያው አጥንት ነው። ኮረንቲ ከአንጎል ወደ ቆዳ ለመድረስ ፈሳሹን፣ አጥንቱንና ቆዳውን ማለፍ አለበት። የአጥንት ሙግደት፣ ማለትም ኮረንቲን የመቋቋም ጠባይ፣ ከአንጎል እጅግ የበለጠ ነው፤ በ1960ዎቹ 80 እጥፍ ያህል ይባል የነበረ ሲሆን በቅርብ ዐሥርት ዓመታት የተደረጉ ልኬቶች ቁጥሩን በእጅጉ ዝቅ አድርገውታል። ያም ሆነ ይህ ምልክቱ ደክሞና ተንሰራፍቶ ይወጣል። በማለዳ በገጠር የሣር ክዳን ቤትን ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ጉልቻው አንድ ቦታ ነው፤ ጢሱ ግን በክዳኑ ሁሉ እየሰረገ ይወጣል። ከደጅ የቆመ ሰው ቤቱ ውስጥ እሳት መንደዱን ያውቃል፤ ጉልቻው በየትኛው ማዕዘን እንደሆነ ግን ከጢሱ ብቻ አይለይም። ክዳኑ የተቀደደበት ቦታ ቢኖር ደግሞ ጢሱ በዚያ ይበረታል፤ አጥንታቸው በተነሣላቸው ሰዎች ላይ በርገር የጎላ ምልክት ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። የአንጎል ልባስ ከግማሽ በላይ የሆነው ክፍሉ በስንጥቆቹ ውስጥ ታጥፎ ስለሚገኝ፣ በዚያ ያሉት ሕዋሳት ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን የዞሩ ናቸው። ባለ ሁለት ዋልታው ምንጭ እንደ እጅ ባትሪ ነው፤ ብርሃኑ የሚያርፈው ባትሪው ባለበት ቦታ ላይ ሳይሆን በዞረበት ግድግዳ ላይ ነው። ግሩሙ ምሳሌ እግር ነው። የግራ እግርን የሚያዝዘውና የሚሰማው የቀኝ አንጎል ክፍል በሁለቱ የአንጎል ገሚሶች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ይገኛል፤ ሕዋሳቱም ወደ ግራ ይመለከታሉ። ስለሆነም የግራ እግር ነርቭ ሲነካ ምንጩ በቀኝ አንጎል ሆኖ ሳለ ጉልሁ ምልክት በመሐልና በግራ በኩል ይታያል። ይህን የማያውቅ አንባቢ ግራና ቀኙን ያምታታል።

ሦስተኛው ከሁሉ የጠለቀው ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኸርማን ሄልምሆልትዝ ገና በ1853 እንዳሳየው፣ በአንድ አስተላላፊ አካል ገጽ ላይ የሚለካ ቮልቴጅ ምንም ያህል በጥራት ቢታወቅ በውስጡ ያሉትን ምንጮች በአንድ መልስ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ያንኑ ገጽታ የሚሰጡ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የምንጭ አደረጃጀቶች አሉ። የዛሬው ኮምፒውተር በቀለማት ያሸበረቀ የአንጎል ሥዕል ሲያወጣ ከልኬቱ በተጨማሪ ግምት እንደጨመረበት መዘንጋት አይገባም። ግምቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ግምትነቱ ግን አይቀርም።

በዚህ ላይ በየትኛውም ነጥብ ሥር የማይውሉ ጥልቅ ክፍሎች አሉ። በጎን ክፍል ውስጠኛ ወገን የሚገኘው ሂፖካምፐስ የሚጥል በሽታ ደጋግሞ ከሚነሣባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ የቆዳ ኤሌክትሮድ የሚሰማው ግን ሁከቱ ወደ ውጭ ከተዛመተ በኋላ ነው።

ሹሩባ፣ ቅቤና ኤሌክትሮድ

ከዚህ ሁሉ በፊት ኤሌክትሮዱ ቆዳውን መንካት አለበት። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር በእኛ አገር ቀላል አይደለም። በጎጃም ገጠር ሴቶች ጠጉራቸውን ሹሩባ ይሠራሉ፣ ለበዓል ቅቤ ይቀባሉ። ቅቤ ኮረንቲ አያስተላልፍም። ሹሩባው ደግሞ ኤሌክትሮዱን ከቆዳው ያርቀዋል፤ ባለሙያው ጎንጉኑን ለመሸሽ ሲል ነጥቡን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ሊያደርገው ይችላል። በሁለት ነጥቦች መካከል የሚለካው የቮልቴጅ ልዩነት በርቀታቸው ላይ ስለሚመሠረት፣ በግራ 8፣ በቀኝ 6 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተተወ ጤናማው አንጎል የተዛባ መስሎ ሊታይ፣ የተዛባውም ሊሸፈን ይችላል።

ቴክኖሎጂው ሲፈለሰፍ ለስላሳ ጠጉር ታስቦ ስለነበር ይህ ችግር ለረዥም ጊዜ ትኩረት አላገኘም። በ2020 በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አርኔል ኤቲየን የተባለች ወጣት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ያቀረበችው መፍትሔ ለእኛ ሴቶች እንግዳ አይሆንም። ጠጉሩ የዐሥር-ሃያን መስመር ተከትሎ ሹሩባ ይሠራል፤ በጎንጉኖቹ መካከል የሚገለጠው ቆዳ የኤሌክትሮዱ ቦታ ይሆናል፤ ልዩ ቅርጽ ያለው መያዣ ደግሞ ከጎንጉኑ ሥር ገብቶ ኤሌክትሮዱን አጥብቆ ይይዘዋል። የመያዣው ስም «ሴቮ» ነው፤ በሄይቲ ክሪኦል «አንጎል» ማለት ነው። እንቅፋት የነበረው ሹሩባ አጋዥ ሆነ ማለት ነው። የደምበጫ ሹሩባ ሠሪዎች ከግንባር እስከ ማጅራት ቀጥ ያለ መስመር በዓይን ግምት ብቻ ሲያወጡ ያየ ሰው፣ ሙያው ለኢኢጂ ክፍል ምን ያህል እንደሚቀርብ አይጠራጠርም።

ወደ ልጅቱ እንመለስ

ልጅቱ ከቃጠሎው ካገገመች በኋላ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀረበች። ሐኪሙ ወረቀቱን ከማየታቸው በፊት አባቷን «ሲጀምራት ምን ትሆናለች?» ብለው ጠየቁ። አባትየውም መለሱ፦ «መጀመሪያ የቀኝ እጇ አውራ ጣት ይንዘፈዘፋል፤ ከዚያ ክንዷ፤ ከዚያ አፏ ወደ ቀኝ ይጎተታል፤ ከዚያ ነው የምትወድቀው»።

ያን ጊዜ ደነገጥን። በአንጎል የእንቅስቃሴ ክፍል ላይ የአውራ ጣትና የፊት ስፍራዎች ጎረቤታሞች ናቸው። ሁከቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሻገር እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሒዩሊንግስ ጃክሰን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማንኛውም ኢኢጂ ሳይኖር ከሕመምተኞች እንቅስቃሴ ብቻ አስተውሎ ነበር። አባትየው ያለ አንዳች መሣሪያ ቦታውን ነግረውናል፦ ግራ አንጎል፣ «ሲ3» አካባቢ። እኛ ግን ወረቀቱን ስናነብ እርሳቸውን አልጠየቅንም ነበር።

ምርመራው ተደገመ። ጠጉሯ ተፈትቶ ታጠበ፤ ነጥቦቹ በሜትር ተለኩ፤ እንቅልፍ አጥታ እንድታድር ተደርጎ ምዝገባው በእንቅልፏም ጊዜ ቀጠለ። በ«ሲ3» እና በአጎራባቾቹ ላይ ሹል ሞገዶች ታዩ። የመጀመሪያው ምዝገባ ያላየው ለምን ነበር ቢባል መልሱ አያስቸግርም፤ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ የሚቆይ አንድ ምዝገባ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች መካከል ምልክቱን የሚያገኘው በግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሱት ላይ ብቻ ነው። ልጅቱ መድኃኒቷን ጀመረች፤ መውደቋ እጅግ ቀነሰ፤ ወደ ትምህርት ቤቷም ተመለሰች። የእጇ ጠባሳ ግን አለ።

የእርሷ ታሪክ የእርሷ ብቻ አይደለም። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት የተደረገውና በ1990 የታተመው ጥናት ከ60,820 ሰዎች መካከል በ316ቱ ላይ የሚጥል በሽታ አግኝቷል፤ ይህም ከሺህ ሰው 5.2 ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የታወቀ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ነው። የዚህ ሥልጠና መጀመር ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይሁን እንጂ ከደምበጫ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገጠር ለሚነሣ ሰው ኢኢጂ ዛሬም የሩቅ መንገድ ጉዳይ ነው። ያን ያህል ተጉዞ የተገኘ ወረቀት በትክክል ሊነበብ ይገባዋል።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ነገር እንበል። የኢኢጂ ውጤት «ጤናማ» ማለቱ የሚጥል በሽታ የለም ማለት አይደለም፤ መድኃኒትንም ከሐኪም ምክር ውጭ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ለምርመራ የሚሄድ ሰው ሹሩባውን ፈትቶ፣ ቅቤውን በሳሙና አጥቦ፣ ጠጉሩን አድርቆ ይሂድ። ሲወድቅ ያየው ሰው አብሮት ይሂድ፤ ከየትኛው እጅ፣ ከየትኛው ጎን እንደሚጀምር ይናገር። ሰው ሲወድቅ ከእሳትና ከውሃ ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ በአፉ ምንም አለመክተት ተገቢ ነው፤ ክብሪት ማሽተት አይጠቅመውም፤ እርሱን መንካትም በሽታውን አያስተላልፍም። መንዘፍዘፉ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

እኛም ከዚያ ወዲህ ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ጎረቤት የምንሰጠው መልስ ተለውጧል። በቅድሚያ «ይህን የሚያነብ የነርቭ ሐኪም ነው» እንላለን፤ ቀጥሎም «ሲጀምራት ያየ ማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን።